ጨው የገባበት ፖሊመር፦ የአዮን አስተላላፊነቱን ለመለካትና አወቃቀሩን ለማንበብ

ፖሊኢታይሊን ኦክሳይድ ከሚባለው ፖሊመር (ረጃጅም ሰንሰለት መሰል ሞለኪውሎች ካሉት ቁስ) እና ከሊቲየም ጨው ተሠርቶ ለሳምንታት የተቀመጠ ስስ ሽፋን በ40 ዲግሪ ሴልሽየስ ሲለካ አንድ የአስተላላፊነት ቁጥር ይሰጣል። ያው ሽፋን እስከ 80 ዲግሪ ሞቆ፣ ወደ 40 ዲግሪ ተመልሶ ወዲያው ሲለካ ደግሞ ከመጀመሪያው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ለኪውም አልተሳሳተም። በሁለቱ ልኬቶች መካከል የተለወጠው የሽፋኑ የውስጥ አወቃቀር ሲሆን፣ ክሪስታል የነበረው ክፍል ቀልጦ ተመልሶ ለመርጋት ገና ጊዜ አላገኘም። የአስተላላፊነት ቁጥር ከናሙናው የሙቀት ታሪክ ተነጥሎ ሲጻፍ ለአንባቢው የሚነግረው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ናሙናውን ከማዘጋጀት ይነሣል፤ ወደ ልኬቱ የሚሄደውም አወቃቀሩ ከታየ በኋላ ብቻ ነው።

አዮኑ በየት በኩል ይሄዳል

የፖሊኢታይሊን ኦክሳይድ ሰንሰለት ሁለት ካርቦንና አንድ ኦክስጅን እየተከታተሉ የሚደጋገሙበት ረጅም ክር ነው። ኦክስጅኖቹ ነጻ የኤሌክትሮን ጥንዶቻቸውን ወደ ሊቲየም አዮኑ አዙረው ይከቡታል፤ ብዙውን ጊዜ አንዱን ሊቲየም አምስት ወይም ስድስት ኦክስጅኖች ይይዙታል። ጨው በጠጣር ፖሊመር ውስጥ ሊሟሟ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን አዮኑን የያዘው እቅፍ ራሱ እንቅስቃሴውን ይገታዋል። ሊቲየሙ ከአንዱ እቅፍ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚገባው የሰንሰለቱ ክፍልፋዮች ሲላወሱ፣ የቆዩት ኦክስጅኖች አንድ በአንድ ሲለቁትና አዲሶቹ ሲቀበሉት ነው። ሽግግሩ በአንዱ ሰንሰለት ላይ ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ ሰንሰለት ወደ ጎረቤቱ ሊሆንም ይችላል። ሰንሰለቶቹ አጫጭር ከሆኑ ደግሞ አዮኑ ሰንሰለቱን እንደያዘ አብሮት ይጓዛል፤ በረጃጅምና እርስ በርስ በተጠላለፉ ሰንሰለቶች ውስጥ ግን ይህ ሦስተኛው መንገድ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ኔጌቲቭ አዮኑ በዚህ እቅፍ ስለማይያዝ ከሊቲየሙ ይልቅ በቀላሉ ይንቀሳቀሳል። ይህን ነጥብ አንባቢው ከወዲሁ ልብ እንዲለው እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በተለመደው ልኬት የሚገኘው አጠቃላይ አስተላላፊነት የሁለቱ አዮኖች ድምር ነው፤ ቁሱ የሚታሰብለት የሊቲየም ባትሪ የሚፈልገው ግን የሊቲየሙን ድርሻ ነው።

ፖሊኢታይሊን ኦክሳይድ ከአልካሊ ብረቶች ጨው ጋር ውህደት እንደሚፈጥር ፒተር ራይትና ባልደረቦቹ ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን፣ ሚሼል አርማንድ ቁሱ ለባትሪ ጠጣር ኤሌክትሮላይት፣ ማለትም በኤሌክትሮዶቹ መካከል አዮን የሚያስተላልፍ ጠጣር ክፍል፣ ሊሆን እንደሚችል ያቀረበው በ1978 ነው። በ1983 በኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ የተደረገ ጥናት አዮኖቹ በዋናነት የሚጓዙት ሥርዓት ባልያዘው፣ ማለትም አሞርፈስ በሆነው ክፍል ውስጥ መሆኑን አሳየ። በ2001 የፒተር ብሩስ ቡድን ለአንድ ሊቲየም ስድስት ኦክስጅን በሚደርስባቸው አንዳንድ የክሪስታል ውህዶች ውስጥም አዮን እንደሚተላለፍ ስላሳየ ሕጉ ያለ ልዩነት የሚሠራ አይደለም። ይሁን እንጂ በተራው የቤተ ሙከራ ናሙና ላይ ክሪስታል ሲበዛ አስተላላፊነት ይቀንሳል ብሎ መነሣት አያሳስትም።

ናሙናውን ማዘጋጀት

የጨውና የፖሊመር ምጣኔ የሚነገረው ለአንድ ሊቲየም ስንት ኦክስጅን ይደርሳል በሚል ነው። ሃያ ለአንድ የተለመደ መነሻ ነው። የፖሊመሩ ተደጋጋሚ ክፍል 44.05 ግራም በሞል ስለሚመዝን፣ 1 ግራም ፖሊመር ውስጥ 22.7 ሚሊሞል ኦክስጅን አለ። ይህ ለሃያ ሲካፈል 1.135 ሚሊሞል ሊቲየም ያስፈልጋል ማለት ነው። ጨው አድርገን የምንጠቀመው በአጭሩ ሊቲየም ቲኤፍኤስአይ የሚባለውንና 287.09 ግራም በሞል የሚመዝነውን ከሆነ፣ 0.326 ግራም እንመዝናለን። ጨው በጨመርን ቁጥር አስተላላፊነቱ ሁልጊዜ ይጨምራል ብሎ ማሰብ የጀማሪ ስሕተት ነው። መጀመሪያ ላይ የተሸካሚዎቹ ቁጥር ስለሚበዛ ይጨምራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሊቲየሙ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ እያሰረ ስለሚያደነድናቸው፣ አዮኖቹም ተጣብቀው ጥንድና ክምችት ስለሚፈጥሩ ይወርዳል።

ጨው ከአየር ላይ እርጥበት በፍጥነት ስለሚስብ በቫክዩም ውስጥ በ120 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ያህል መድረቅ አለበት። ፖሊመሩ ግን በ65 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ባለው ሙቀት ብቻ ይደርቃል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ አርጎን በተሞላ የጓንት ሳጥን ውስጥ ቢሠራ ይመረጣል። ሁለቱም ውሃ በሌለው አሴቶናይትራይል ውስጥ ይሟሟሉ፤ ፖሊመሩን በአንድ ጊዜ ከመጨመር ይልቅ እያማሰሉ ጥቂት በጥቂት መነስነስ ይበጃል፤ አለዚያ ውጪው እንደ ሙጫ ሆኖ ውስጡ ደረቅ የቀረ ጓል ይሠራል። ድብልቁ አንድ ወጥ ሲሆንና አረፋው ሲጠፋ በቴፍሎን ሳህን ላይ ይፈስሳል፤ ሳህኑ ላላ ባለ ክዳን ተሸፍኖ አሟሚው ቀስ ብሎ እንዲተን ይተዋል፤ በመጨረሻም ሽፋኑ በቫክዩም ውስጥ በ60 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይደርቃል።

የመጨረሻውን ማድረቅ ማሳጠር ትልቅ ፈተና ነው። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ከተጠበቀው በላይ ያማረ ቁጥር አግኝቼ ለሁለት ቀን ያህል ደስ ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ሽፋኑን እንደገና አድርቄ ስለካው ቁጥሩ ወደ ተራው ወረደ። ያ ሁሉ አስተላላፊነት የፖሊመሩ ሳይሆን በውስጡ የቀረው አሴቶናይትራይል ነበር። የቀረ አሟሚ ሰንሰለቶቹን ያለሰልሳል፤ ሊቲየሙንም ራሱ ይከበዋል። መኖሩን ለማወቅ ሽፋኑን ክብደቱ መለወጥ እስኪያቆም ድረስ ደጋግሞ መመዘን፣ ከተቻለም በኢንፍራሬድ ስፔክትረሙ ላይ 2250 በሴንቲሜትር አካባቢ የአሴቶናይትራይሉ ምልክት መጥፋቱን ማየት ያስፈልጋል።

ከመለካት በፊት ማየት

ሁለት ምርመራዎች አይታለፉም። የመጀመሪያው ናሙናው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የሚቀበለውን ወይም የሚለቀውን ሙቀት በሚለካው ዲኤስሲ የሚደረገው ነው። ከዚህ መሣሪያ ሁለት ነገር እናነባለን። አንደኛው ሰንሰለቶቹ ከመስታወት መሰል ድንዛዜ ወጥተው መላወስ የሚጀምሩበት መጠነ ሙቀት ነው፤ በንጹሕ ፖሊኢታይሊን ኦክሳይድ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ጨው ሲጨመርበት ወደ ላይ ይወጣል። ሁለተኛው ክሪስታሉ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት ነው። ሙሉ በሙሉ ክሪስታል የሆነ ፖሊመር ለመቅለጥ 200 ጁል በግራም ገደማ ስለሚወስድ፣ የናሙናውን ከዚህ ጋር በማነጻጸር የክሪስታሉን ድርሻ እናሰላለን። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚረሱት ነገር አለ፤ ሚዛን ላይ የተቀመጠው ናሙና ጨውንም ይዟል። ባለ ሃያ ለአንዱ ድብልቅ ውስጥ የፖሊመሩ የክብደት ድርሻ 1 ሲካፈል ለ1.326፣ ማለትም 0.754 ነው። ስለዚህ መሣሪያው 60 ጁል በግራም ካነበበ፣ ይህ ለ0.754 ተካፍሎ ወደ 80 ጁል ይጠጋል፤ የክሪስታሉም ድርሻ 30 ሳይሆን 40 በመቶ ይሆናል። ድርሻው መነበብ ያለበት በመጀመሪያው ማሞቅ ላይ ነው፤ በሁለተኛው ማሞቅ ላይ የምናየው መሣሪያው ራሱ የሠራውን አወቃቀር እንጂ የኛን ሽፋን አይደለም።

ሁለተኛው ምርመራ የሙቀት ማስተካከያ ያለው የፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ነው። ቀላልና ርካሽ ምርመራ ቢሆንም እንደ እኔ ግምት ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው እርሱ ነው። ሽፋኑ በ80 ዲግሪ ሲታይ መስኩ በሙሉ ጨለማ ነው። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ እዚህም እዚያም ነጥብ የሚያህል ብርሃን ይታያል፤ ነጥቡ እየሰፋ ክብ ይሆናል፤ በክቡ ላይም ጥቁር የመስቀል ቅርጽ ይታያል። እነዚህ ስፌሩላይት የሚባሉት የክሪስታል ክቦች እያደጉ እርስ በርስ ሲነካኩ፣ በመካከላቸውና በውስጣቸው ባሉት ስስ ንብርብሮች መካከል የቀረው አሞርፈስ ክፍል የአዮኑ መተላለፊያ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው መንገዱ ጠባብ ብቻ ሳይሆን ጠማማም እንደሆነ፣ ክሪስታሉን መቀነስ ብቻ ሳይሆን የተረፈው መንገድ ከዳር እስከ ዳር መያያዙም ወሳኝ እንደሆነ ይገባዋል። ኤክስሬይ ዲፍራክሽን ያለው ቤተ ሙከራ በመዳብ ጨረር 19 እና 23 ዲግሪ አካባቢ የሚታዩትን ሁለት ሹል ምልክቶች በመከታተል ተመሳሳይ መረጃ ያገኛል።

ልኬቱ

ሽፋኑ በሁለት የማይዝግ ብረት ኤሌክትሮዶች መካከል ይቀመጣል። እነዚህ ኤሌክትሮዶች አዮን ስለማያሳልፉ አዮኑ ፊታቸው ላይ ይከማቻል እንጂ አያልፍም። ሽፋኑ ከ65 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ እየለሰለሰ በኤሌክትሮዶቹ ግፊት ወደ ጎን ይፈስሳል፤ መጀመሪያ 120 ማይክሮሜትር የነበረው ውፍረት ሳናውቀው 90 ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የምናሰላው አስተላላፊነት በሲሶ ይበልጣል። መፍትሔው ውፍረቱ የታወቀ የቴፍሎን ቀለበት በኤሌክትሮዶቹ መካከል አስገብቶ ናሙናውን በቀለበቱ ቀዳዳ ውስጥ መሙላት ነው። ከልኬቱ በኋላም ክፍሉን ፈትቶ ውፍረቱን እንደገና መለካት ግዴታ ነው።

ከዚህ በኋላ 10 ሚሊቮልት ያህል ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ከ1 ሜጋኸርዝ እስከ 0.1 ኸርዝ ባለው ድግግሞሽ እየተሰጠ ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም ናሙናው ለተለዋዋጭ ከረንት የሚያሳየው ተቃውሞ፣ ይለካል። ውጤቱ የኢምፒዳንሱ እውናዊ ክፍል በአግድም፣ ምናባዊው ክፍል በቁም ሆኖ ይሳላል። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የሚታየው ሥዕል ግማሽ ክብና ከእርሱ ቀጥሎ የሚወጣ ሰያፍ መስመር ነው፤ የሽፋኑ ሬዚስታንስ ሁለቱ የሚገናኙበት የአግድም ንባብ ነው። በተግባር ግን ግማሽ ክቡ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ተማሪዎችም ይደነግጣሉ። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ዲያሜትሩ 1.6 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 120 ማይክሮሜትር የሆነ ሽፋን 2.01 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት አለው። ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ 10 ነው ብንል ካፓሲታንሱ 150 ፒኮፋራድ ገደማ ይሆናል። በ25 ዲግሪ ሬዚስታንሱ 3000 ኦም ቢሆን፣ የግማሽ ክቡ ጫፍ 360 ኪሎኸርዝ አካባቢ ስለሚውል መሣሪያው ያየዋል። ሽፋኑ ሞቆ ሬዚስታንሱ 30 ኦም ሲሆን ጫፉ ወደ 36 ሜጋኸርዝ ይሸሻል፤ መሣሪያው ከዚያ አይደርስም፤ የሚታየው ሰያፍ መስመሩ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ መስመሩ የአግድሙን ዘንግ የሚነካበትን ነጥብ መውሰድ ትክክል ነው።

አስተላላፊነቱ ውፍረቱ ለሬዚስታንሱና ለስፋቱ ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ነው። በዚሁ ናሙና 0.012 ሴንቲሜትር ለ30 እና ለ2.01 ብዜት ተካፍሎ 0.0002 ሲመንስ በሴንቲሜትር ይሰጣል። በ80 ዲግሪ አስተላላፊነቱ ወደ 0.001 ሲጠጋ የናሙናው ሬዚስታንስ 6 ኦም ብቻ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የሽቦዎቹና የመያዣው አንድ ሁለት ኦም ቀላል ስሕተት አይሆንም። ስለዚህ ኤሌክትሮዶቹን ያለ ናሙና አገናኝቶ መለካትና የተገኘውን ከውጤቱ መቀነስ ያስፈልጋል።

መጠነ ሙቀቱ በአሥር በአሥር ዲግሪ እየተቀየረ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተጠብቆ ይለካል። አንድ ጊዜ ከለኩ በኋላ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሞ ለክቶ ሁለቱ ቁጥሮች መግጠማቸውን ማረጋገጥ ከሰዓት ቆጠራው የበለጠ ያስተማምናል። ልኬቱ ወደ ላይ ሲሞቅም ወደ ታች ሲቀዘቅዝም መደረግ አለበት፤ ሁለቱም በአንድ ግራፍ ላይ ይቀመጡ። መስመሮቹ ከ65 ዲግሪ በላይ ሲገጥሙና ከዚያ በታች ሲለያዩ፣ ልዩነቱ ገና ያልረጋውን ክፍል ያሳያል። ከላይም ካልገጠሙ ግን ውፍረቱ ተለውጧል፣ ወይም የቀረ አሟሚ እየተነነ ነው።

ግራፉን ማንበብ

የአስተላላፊነቱ ሎጋሪዝም ከመጠነ ሙቀቱ ግልባጭ አንጻር ሲሳል ከመቅለጫው በታች ሾጣጣ ቁልቁለት፣ በላዩ ደግሞ ለስላሳ ጎባጣ መስመር ይታያል። ጎባጣው የፎገል፣ ታማንና ፉልቸር ቀመር የሚገልጸው ነው፤ በዚህ ቀመር መጠነ ሙቀቱ የሚቆጠረው ከፍጹም ዜሮ ተነሥቶ ሳይሆን፣ ሰንሰለቱ መላወስ ከሚጀምርበት መጠነ ሙቀት 50 ዲግሪ ያህል ዝቅ ካለ ነጥብ ተነሥቶ ነው። ጎባጣነቱ የአዮኑ ጉዞ ከሰንሰለቱ መላወስ ጋር መታሰሩን ይነግረናል። ቀጥ ያለ መስመር በጎባጣው ላይ አሳልፎ አንድ የአክቲቬሽን ኃይል ማውጣት በየጽሑፉ የሚታይ ልማድ ቢሆንም፣ የሚገኘው ቁጥር በተመረጠው የሙቀት ክልል ስለሚለዋወጥ ሁለት ፖሊመሮችን ለማወዳደር አይጠቅምም።

የሊቲየሙ ድርሻ

ይህን ለማወቅ ሽፋኑ በሁለት የሊቲየም ብረት ኤሌክትሮዶች መካከል ይቀመጥና 10 ሚሊቮልት ቋሚ ቮልቴጅ ይሰጠዋል። መጀመሪያ ሁለቱም አዮኖች ይንቀሳቀሳሉ፤ እያደር ኔጌቲቩ አዮን በአንድ ወገን ተከማችቶ ይቆምና ኤሌክትሪኩን የሚሸከመው ሊቲየሙ ብቻ ይሆናል። የመጨረሻውን ከረንት ለመጀመሪያው ማካፈል መልሱን የሚሰጥ ይመስላል፤ ሆኖም በሊቲየሙ ገጽ ላይ ያለው ስስ ንብርብር የራሱ ሬዚስታንስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1987 ብሩስና ቪንሰንት ያቀረቡት ማረም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የሽፋኑ ሬዚስታንስ 10 ኦም፣ የገጹ ደግሞ 90 ኦም ነው እንበል። መጀመሪያ 100 ማይክሮአምፒር ይፈስሳል፤ በመጨረሻ 71 ይቀራል። ጥሬው ክፍፍል 0.71 ይሰጣል። አሁን በሁለቱም ጊዜ ገጹ የወሰደውን ቮልቴጅ እንቀንስ፤ መጀመሪያ ላይ ገጹ 9 ሚሊቮልት ወስዶ ለሽፋኑ 1 ቀርቶለታል፤ በመጨረሻው ላይ 6.4 ወስዶ 3.6 ቀርቶለታል። 71 በ1 ተባዝቶ ለ100 እና ለ3.6 ብዜት ሲካፈል 0.2 ይሆናል። ገጹን የዘነጋ ሰው ሦስት እጥፍ ተኩል የተጋነነ ውጤት ያትማል ማለት ነው። የገጹ ሬዚስታንስ ከቮልቴጁ በፊትም ከከረንቱ መርጋት በኋላም በኢምፒዳንስ መለካት አለበት፤ በመካከሉ ይለወጣልና። በተጨማሪም ይህ ዘዴ የሚሠራው አዮኖቹ እርስ በርስ እንደማይነካኩ ተቆጥሮ ስለሆነ ጨው በበዛበት ድብልቅ ላይ ውጤቱን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል።

ውሃ የሚጠጡ ሜምብሬኖች

እንደ ናፊዮን ያሉ ፕሮቶን አስተላላፊ ፖሊመሮች ሌላ ዓለም ናቸው። በእነርሱ ውስጥ ውሃ የሚገፋው የፍሎሮካርቦን ግንድና ውሃ የሚወዱት የሰልፎኒክ አሲድ ጫፎች በናኖሜትር መጠን ይለያያሉ፤ ውሃው በጫፎቹ ዙሪያ ተሰብስቦ መተላለፊያ ይሠራል። በዝቅተኛ ማዕዘን በሚደረግ የኤክስሬይ ብተና ላይ የሚታየው ምልክት በእነዚህ ክፍሎች መካከል ያለው ርቀት 4 ናኖሜትር ገደማ መሆኑን ያሳያል። ፕሮቶኑ በከፊል ከውሃው ጋር ይጓዛል፤ በከፊል ደግሞ ከአንዱ የውሃ ሞለኪውል ወደ ሌላው ይዘላል።

ስለዚህ እዚህ የሙቀቱን ያህል የውሃው መጠን መመዝገብ አለበት። ለአንድ አሲድ ጫፍ ስንት የውሃ ሞለኪውል እንደሚደርስ በሚዛን ይታወቃል። ለእያንዳንዱ ሞል አሲድ 1100 ግራም ከሚመዝነው ናፊዮን 0.500 ግራም ደረቅ ናሙና በውሃ ትነት በተሞላ አየር ውስጥ 0.115 ግራም ከጨመረ፣ ለአንድ አሲድ 14 የውሃ ሞለኪውል ደርሶታል። ፈሳሽ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይህ ቁጥር ወደ 22 ይደርሳል።

የአለካኩም ዘዴ ይለወጣል። ውሃ የጠጣ ናፊዮን 0.1 ሲመንስ በሴንቲሜትር ያህል ስለሚያስተላልፍ፣ 178 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ሽፋን በውፍረቱ አቅጣጫ ሲለካ ለአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 0.18 ኦም ብቻ ይሰጣል፤ ይህን ያህል ትንሽ ቁጥር ከመያዣው ስሕተት መለየት አስቸጋሪ ነው። በምትኩ 1 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ በአራት ኤሌክትሮዶች ላይ ተዘርግቶ፣ ሁለቱ ቮልቴጅ ለኪዎች በ2.5 ሴንቲሜትር ሲራራቁ ሬዚስታንሱ ወደ 1400 ኦም ይወጣል፤ ይህን ደግሞ ማንኛውም መሣሪያ በትክክል ያነበዋል። ውፍረቱና ስፋቱ ሜምብሬኑ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ በኋላ የተለካው መሆን አለበት። ናሙናው ከመለካቱ በፊት ከ100 ዲግሪ በላይ ደርቆ ከነበረ የሚጠጣው ውሃ ከ22 በእጅጉ ያንሳል፤ ወደ ቀድሞው የሚመለሰውም በፈላ ውሃ ውስጥ ከቆየ በኋላ ነው። በመሆኑም ከአስተላላፊነቱ ጎን ናሙናው እንዴት እንደደረቀና መፍላት አለመፍላቱ አብሮ ይጻፋል።